ሽማግሌው የሚነካበት ጠዋት

ኩታኖ ከአደባባዩ ሲመለስ አያኔ ማሽላ እየፈጨች ነበር። የግቢውን ዝቅ ያለ በር ጎንበስ ብሎ ካለፈ በኋላ ቀና ሲል የጎጆውን ክዳን በመዳፉ መታ አደረገ። ደስ ሲለው እንዲህ ያደርጋል። እሷን ግን የደስታው ምክንያት ገና ሳይነገራት ከበዳት።

«ማክሰኞ ጠዋት ነው» አላት። «ከገበያው ማግስት።»

«ምኑ?»

«መሐላው ነዋ! ሽማግሌውን እነካለሁ፣ ነገሩ ያልቃል፣ ጨቃችንን እንጠጣለን።»

መጁ ወፍጮው ላይ ቆመ።

ሽማግሌው ሰው አይደለም። በአደባባዩ ዳር፣ ከሌሎቹ ራቅ ብሎ፣ ወደ አንድ ጎኑ አዘንብሎ የቆመ ረጅም ድንጋይ ነው። ሌሎቹን ድንጋዮች ማን እንዳቆማቸው ይታወቃል፤ እያንዳንዱ ትውልድ ተራው ሲደርስ ከተራራው እየዘፈነ ተሸክሞ አምጥቶ የተከለው ነው፤ የትኛው የማን እንደሆነ ኮንሶ ውስጥ ለአቅመ አዳም የደረሰ ሁሉ ይነግርሃል። እሱን ግን ማን እንዳቆመው የሚያውቅ የለም። ምስክር የሌለው የመሬት ክርክር ሲነሣ መሬቱ በእጁ ያለው ሰው መዳፉን በእሱ ላይ አድርጎ ይምላል። ከማለ በኋላ ተከራካሪው አፉን ይዘጋል። ቀሪው ጉዳይ የማለው ሰውና የድንጋዩ ነው።

ክርክሩ የካብ ነበር። በእነሱ ማሳና ከላይ ባለው በኡርማሌ ማሳ መካከል የነበረው ካብ በበልጉ ዝናብ ተናደ። ኩታኖ ድንጋዩን ለቃቅሞ መልሶ ሲክብ ኡርማሌ መጣና «ካቡ የነበረው ከሽፈራው ዛፉ በታች ነው፤ ዛፉ የኔ ነው» አለ። ኩታኖ «ካቡ ድሮም ከዛፉ በላይ ነበር» አለ። ከዛፉ ጋር የሚሄደው መሬት ሰው ቢጋደምበት እግሩን እንደ ልብ የማያስዘረጋ ጥብጣብ ነው። ቢሆንም በዚያ ገደል ላይ አፈር ሆኖ የቀረ መሬት ነው፤ ቅጠሉም ዓመቱን ሙሉ ይበላል።

«ምን ብለህ ነው የምትምለው?» አለችው።

«ካቡ አባቶቼ ከካቡበት አልተነቃነቀም እላለሁ።»

«አይተሃል?»

«አባቴ ነግሮኛል።»

«አባትህስ አይቷል?»

«አንቺ ሴትዮ፣ ዳኛ ሆንሽብኝ እንዴ?» ሳቀባት። «ደግሞ ድንጋይ ድንጋይ ነው። ፓስተሩ የሚለውን አልሰማሽም?»

«ድንጋይ ከሆነ ለምን ትምልበታለህ?»

«ኡርማሌ ስለሚፈራው!» አጠገቧ ቁጭ ብሎ ከዱቄቱ ቆንጠር አድርጎ ቀመሰ። «እጄን ስዘረጋ ሲያይ ልቡ ውሃ ይሆናል። ‹ተወው ልጄ፣ ዛፉን ውሰደው› ይለኛል። ታዪያለሽ።»

አያኔ አልሳቀችም። በሆዷ ያለው መንቀሳቀስ የጀመረው በዚያው ሰሞን ነበር። ከእሱ በፊት የወለደቻትን ልጅ ስም ሳይወጣላት ቀብራለች፤ ከዚያ ወዲህ ሆዷን እንደ ተበደረችው ዕቃ ነው የምትይዘው።

ባሏ ውሸታም አይደለም። ቢሆን ኖሮ ይሻል ነበር፤ ውሸታም ሰው የሚሸሽበትን ያውቃል። ችግሩ ሽማግሌው የሰውን ልብ አያይም መባሉ ነው። እውነት መስሎህ ማልህ፣ አውቀህ ዋሸህ፣ ለእሱ አንድ ነው፤ እሱ የሚያየው የሆነውን ነገር ብቻ ነው። ወደ ምንጩ በሚወስደው መንገድ ዳር ሰው የማይሠራበት ባዶ ቦታ አለ። የጉማቾ ቤት ነበር ይባላል። ጉማቾ ፍየሏ የኔ ናት ብሎ ማለ፣ የሱ መስላውም ነበር፣ የሱ ፍየል ግን ሌላ ሰው በረት ውስጥ ነበረች። ዓመቱ ሳይዞር ከዚያ ቤት ጭስ የሚያወጣ ሰው ጠፋ። አያኔ በዚያ ቦታ አጠገብ ስታልፍ ሁልጊዜ በሌላ ሐሳብ ራሷን ትይዛለች። በማግስቱ ጠዋት እንስራዋን ተሸክማ ስታልፍ ግን ዓይኗ አልታዘዛትም፤ ቁልቋሉን፣ የተሰበረውን የወፍጮ ድንጋይ፣ የበሩን ቦታ፣ ሁሉንም አየች።

ምንጩ ዘንድ ስትደርስ ወሬው ቆመ። የኡርማሌ ሚስት ለሚታ ቅሏን አንሥታ ቦታ ለቀቀችላት።

«ቅጂ፣ ቅጂ። ባለ ዛፏ መጣች» አለች ለሚታ፤ ሌሎቹ ሳቁ።

«ዛፉን ትታችሁት ቢሆን ኖሮ እዚህ ባልደረስን፣ እትዬ ለሚታ።»

«እኛ ትተነዋል እኮ። ባልሽ ይማልና ይውሰደው። ከዚያ በኋላ ምን አገባን?» ለሚታ ውሃውን እያንቆረቆረች ድምጿን ዝቅ አደረገች። «እኔ ስድስት አሉኝ፣ አያኔ። ኡርማሌ እምላለሁ ቢል ኖሮ እግሩን አሥሬ ቤት አስቀምጠው ነበር። እርግጠኛ ነው፣ ግን አሥረው ነበር።»

«ሰው እንደሆነ ሰምተሻል? ድንጋዩ?»

«እናቴ እንዲያ ነው የምትለው። ለወንድሙ ዋሽቶ በቆመበት የደረቀ ሰው ነው። ለዚያ ነው ያዘነበለው፤ ሊሄድ ሲል ነው ውሸቱ የያዘው።» ለሚታ እንስራዋን አዘለች። መንገድ ከጀመረች በኋላ ዘወር አለች። «አንቺ ልጅ፣ ፊትሽ ገርጥቷል። ኩርኩፋ ብዪ፣ እንቅልፍ ተኚ።»

እንቅልፍ አልመጣም። ቀን ሥራዋን ስትጀምር መሐል ላይ ትተዋለች፤ እሳቱን ቆስቁሳ ድስቱን ሳትጥድ ትወጣለች፤ ከበሩ ቆማ ወደ ማሳው ታያለች። የሁለቱ ወገን አዛውንቶች ጥብጣቡን መሬት በገመድ ዙሪያውን አስረው ቅጠል ሰቅለውበታል። መሐላ የተቆረጠበት መሬት ቅጠሉ እስኪወርድ ዶማ አይነካውም። ከሩቅ ሲታይ ቅጠሉ በነፋስ ይገላበጣል እንጂ አርፎ አይቀመጥም።

ቅዳሜ ከሰዓት አባ ካምፒሮን ፍለጋ ሄደች። በመንደሩ በዕድሜ የሚበልጠው የለም፤ ማክሰኞ መሐላውን የሚያስምለውም እሱ ነው። ማሳው ውስጥ ተቀምጦ የባቄላ ገለባ ከልብሱ ላይ እየለቀመ አገኘችው።

«የማን ልጅ ነሽ?»

«የኩታኖ ሚስት ነኝ፣ አባ።»

«አሃ፣ የዛፉ።» አገጩን አከከ። «ካቡ የት ነበር ልትዪኝ ነው የመጣሽው? ባልሽም ጠይቆኛል፣ ኡርማሌም ጠይቆኛል። እኔ ያኔ ቆላ ከከብት ጋር ነበርኩ። ሲክቡም ሲፈርስም አላየሁም።»

«ማን ያየ አለ?»

«ያዩት ሞተዋል። ሰው ያየ ቢኖርማ ሽማግሌውን ለምን እንቀሰቅሰዋለን? ዓይን ባለበት ነገር እሱ አይነካም። አንድ ዓይን ይበቃል፤ የሴትም ይሁን የእብድ። ሽማግሌን በማይረባ ነገር ከእንቅልፉ መቀስቀስ ነውር ነው።»

አያኔ ለመነሣት አልቸኮለችም። «እሱን ማን አቆመው፣ አባ? እትዬ ለሚታ ሰው ነበር ትላለች።»

«ሴቶቹ እንዲያ ይላሉ። አያቴ ደግሞ የመጀመሪያዎቹ ሰዎች ሲሸከሙት ቆይተው ደከማቸውና በራሱ እግር ሄደ ይል ነበር። እኔ እግር አላየሁበትም።» በጥርስ አልባ አፉ ሳቀ። «እኔን ብትጠይቂኝ ማንም አላመጣውም። እኛ ነን ወደ እሱ የመጣነው። ቆሞ አገኘነውና ቤታችንን ዙሪያውን ሠራን። ስንሄድም እዚያው ይቆማል።»

«ካቡስ? ካብ ሲናድ ሁሉ ነገሩ ይጠፋል?»

«ምን ጠፋ? የሚናደው ላዩ ነው። የታችኛው ረድፍ የት ይሄዳል፤ አፈር ይበላዋል እንጂ።»

ይህን ያለው እንደ ዋዛ ነበር። እሷ ግን ቤቷ እስክትደርስ ሌላ ነገር አላሰበችም።

ማታ እራት ላይ ለኩታኖ «እንቆፍረው» አለችው። «የድሮው ካብ ሥር ከዛፉ በላይ ከሆነ አንተም አርፈህ ትምላለህ፣ እኔም አርፌ እተኛለሁ።»

ጉርሻው አፉ ውስጥ ቆመ። «ቅጠል ተሰቅሎበታል እኮ! ልታዋርጂኝ ነው? ሰው ቢያይ ምን ይላል? ‹ኩታኖ ፈርቶ ሚስቱን ላካት› ነው የሚለው።»

«ፈርተህ ከሆነ ምን አለበት?»

«አልፈራሁም!» ጎረቤት እንዳይሰማ ድምፁን ዋጠው። «አባቴ ነግሮኛል አልኩሽ። አባቴን ውሸታም ልታደርጊው ነው?»

አያኔ ድስቱን አንሥታ ወጣች።

እሑድ ጠዋት ወገቤን አመመኝ ብላ ቀረች። ኩታኖ መጽሐፉን በፌስታል ጠቅልሎ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄደ። ቤተ ክርስቲያን የማይሄዱት ወደ ጨቃ ቤት ወርደዋል። ዝማሬው ከሸንተረሩ ማዶ ሲጀምር ዶማውን በማሽላ አገዳ ጠቅልላ ወደ ማሳው ወጣች። ቅጠሉ ከተሰቀለበት ገመድ ሥር ተጎንብሳ ስታልፍ ቅጠሉ ጀርባዋን ነካት፤ ሰው የያዛት መስሏት ጮኸች። ማንም አልነበረም።

መጀመሪያ ከዛፉ በታች ቆፈረች። ምንም እንዳታገኝ እየለመነች ቆፈረች። አፈሩ ለስላሳ ነበር፤ ከዚያ ሥር መጣ፤ ከሥሩ በታች የዶማው ጫፍ ጠንካራ ነገር መታ። በእጇ ጠረገችው። ድንጋይ ነበር፤ ከጎኑ ሌላ ድንጋይ፤ ከእሱ ጎን ሌላ፤ በሰው እጅ የተደረደሩ፣ ፊታቸው ወደ ቁልቁለቱ የሆነ። የዛፉ ሥር እንደ ጣት ጨብጧቸዋል።

ኡርማሌ እውነቱን ነበር።

ጉድጓዱ ዳር ተቀመጠች። አፈሩን መልሳ ልትሸፍነው ጥቂት ገፋች፤ ገፍታ ተወችው። ዝማሬው ገና አላለቀም። ዶማውን አንሥታ ከዛፉ በላይ፣ ኩታኖ ካቡን መልሶ ከካበበት ፊት ለፊት፣ እንደገና ጀመረች። እዚያም ጠለቅ ሲል ድንጋይ አገኘች። ኩታኖ ያስቀመጠው አይደለም፤ ትልልቅ፣ የጠቆረ፣ ሽበት የሚመስል ነገር የበቀለበት፣ እሱም በሰው እጅ የተደረደረ።

ከጉድጓድ ወደ ጉድጓድ ዓይኗን አመላለሰች። ካቡ በሁለቱም ቦታ ነበር። ከታች ያለው ዛፉ ሳይበቅል ተቀብሯል፤ ከላይ ያለውም የዛሬ አይደለም። አንድ ጊዜ አንድ ሰው አንሥቶታል። ይሁን ተባብለው ይሁን፣ ሰርቆ ይሁን፣ ጎርፍ ይሁን፣ ያን የሚናገር በሁለቱም ጉድጓድ ውስጥ የለም። የምታውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አልተነቃነቀም ብሎ የሚምል ሰው የሆነውን አልተናገረም።

ኩታኖ ሲመለስ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ጠበቀችው። ጥፍሮቿን አይቶ ቀድሞ ገባው። ነገረችው። ስትጨርስ የጠየቃት የመጀመሪያ ነገር ይህ ነበር፦

«ማን አየሽ?»

«ማንም።»

«ሸፍነሽዋል?»

«በአገዳ ሸፍኜዋለሁ።»

«እንግዲያው አልቆፈርሽም።»

«ኩታኖ!»

«አልቆፈርሽም! ነገ ገበያ ወጥቼ ‹ተሳስቻለሁ› ልበል? በመንደሩ ሁሉ ፊት እምላለሁ ብዬ? ዛፉ ብቻ መሰለሽ የሚሄደው? ከዚያ በኋላ አፌን ስከፍት ማን ይሰማኛል?» ውሃ ሊጠጣ ቅሉን አነሣ። ውሃው ደረቱ ላይ ፈሰሰ። «ባትቆፍሪ እኔ ንጹሕ ሰው ነበርኩ።»

«በሆዴ ያለውስ?»

«ድንጋይ ነው፣ አያኔ። ድንጋይ።»

ሰኞ ገበያ ወጣ፣ ተመለሰ፣ ስለ በግ ዋጋ አወራ። እሷም መለሰችለት። ሁለቱም አንዳቸው በሌላው ፊት ዝም ማለት ፈሩ።

ማክሰኞ ጠዋት አደባባዩ ሞላ። ወንዶቹ በካቡ ጥግ በየዕድሜያቸው ተቀምጠዋል። ሴቶቹ ከውጭ፣ መግቢያው ላይ፣ አንዳቸው በሌላቸው ትከሻ ላይ ይንጠራራሉ። አዛውንቶቹ ሲቀመጡ ሴት ያን አደባባይ አትረግጥም። አያኔ ከፊት ቆማለች። ሽማግሌው ከዚያ ሲታይ ያን ያህል ትልቅ አይደለም፤ በሰው ደረት ቁመት ላይ ግን የብዙ መዳፍ ያለሰለሰው ቦታ አለው፣ ጠዋት ብርሃን ሲያርፍበት የሚያንጸባርቅ።

አባ ካምፒሮ በከዘራው ተደግፎ ተነሣ። «ኡርማሌ፣ ምስክር አለህ?»

«የለኝም።»

«ኩታኖ፣ ምስክር አለህ?»

ኩታኖ ወደ መግቢያው አላየም። «የለኝም፣ አባ።»

«ዓይን የለም» አለ አባ ካምፒሮ ለሁሉም እንዲሰማ። «ቅረብ።»

ኩታኖ ቀረበ። ኡርማሌ «ተወው ልጄ» አላለም። ክንዱን አጣጥፎ፣ ሊቀበር የሚሄድ ሰው እንደሚያዩት አዝኖ አየው። ኩታኖ እጁን አነሣ። አያኔ የእጁን ጀርባ፣ በአንጓው ላይ ያለውን የዶማ ጠባሳ አየች፤ ከዚያ እግሯ ከመግቢያው ድንጋይ አልፎ ነበር።

«ዓይን አለ!» አለች። ድምጿ ቀጥኖ ወጣ። «እኔ አይቻለሁ!»

ጫጫታው እንደ ናዳ ወረደ። «ውጪ!» አለ አንዱ። «የማን ሴት ናት?» አለ ሌላው። «ባሏ ሲፈራ ሚስቱን ቀሚስ አልብሶ ላካት!» አለ ሦስተኛው፤ «ድሮስ ምን ለብሳ ትመጣ ነበር?» ብሎ ጎረቤቱ መለሰለትና ሳቅ ሆነ። ኩታኖ እጁ አየር ላይ እንደቀረ ነበር።

«ዝም!» አባ ካምፒሮ ከዘራውን መሬት ላይ መታ። «ምን አየሽ?»

«ቆፍሬ አየሁ። ቅጠሉ እንደተሰቀለ።»

አሁን የሳቀ የለም።

«ካቡ ከዛፉ በታች አለ» አለች። ኡርማሌ ከመቀመጫው ተነሣ፤ ፊቱ በራ። «ከዛፉ በላይም አለ። ሁለቱም የድሮ ነው።» ኡርማሌ መልሶ ተቀመጠ።

አዛውንቶቹ ወደ ማሳው ወረዱ፣ ሕዝቡም ተከተላቸው። አገዳውን አንሥተው ጉድጓዶቹን አዩ። አንዱ ጎንበስ ብሎ የዛፉን ሥር ዳሰሰ፣ ሌላው ሽበቱን ፋቀ። ወዲያው ክርክር ተነሣ፤ ኡርማሌ «ከታች ያለው ነው የሚበልጠው፣ እሱ ነው የአባቶች» አለ፤ የኩታኖ አጎት «የማን አባቶች? የላይኛውን የካበው ያንተ አያት ቢሆንስ?» አለው። ለሚታ ከኋላ ሆና ባሏን በክርኗ ጎሸመችው።

«ሂዱና በሌላ ቀን ተጣሉ» አለ አባ ካምፒሮ። «ዓይን ተገኝቷል። ሽማግሌው አይነካም። መሬቱን አዛውንቶቹ ተቀምጠው ይመለከቱታል፤ እስከዚያ የዛፉን ቅጠል ሁለታችሁም ትለቅማላችሁ።» ከዚያ ወደ አያኔ ዞረ። «አንቺ ደግሞ ቅጠል ጥሰሻል፣ አደባባይ ረግጠሻል። ፍየል ታመጣላችሁ። ዛሬ።»

«እሺ፣ አባ።»

«የሰባች!» አለ ከወጣቶቹ አንዱ።

ወደ ቤት ሲመለሱ ኩታኖ ከፊት ሄደ፣ እሷ ከኋላ። ከሰው ሲርቁ ይጮህብኛል ብላ ጠበቀች። አልጮኸም። የጎጆአቸው ክዳን ሲታይ ቆመና ሳይዞር ተናገረ።

«አልነካሁትም ነበር።»

«አይቻለሁ። አልነካኸውም።»

«አይደለም። ባትጮኺም አልነካውም ነበር እያልኩሽ ነው። እጄን መልሼ ነበር። ትንሽ መልሼው ነበር።»

አያኔ ያን እጅ አስታወሰች። አየር ላይ የነበረውን፣ ጠባሳውን፣ ከድንጋዩ የነበረውን ርቀት። እየሄደ ነበር ወይስ እየተመለሰ? እሷ ስታየው ቆሞ ነበር። «ማልልኝ» የሚለው ቃል ምላሷ ጫፍ ደርሶ ነበር፤ ጥርሷን ገጥማ ዋጠችው። ሆዷ ውስጥ ያለው ተገላበጠ፤ ወይ ረግጧት ይሆናል፤ እጇን አስቀምጣ ጠበቀች፣ አልደገመም።

«ፍየሏን ማን ያምጣት?» አለችው።

«እኔ አመጣታለሁ» አለና ቀድሟት ወረደ። እሷ ሆዷ ላይ ያለውን እጇን ሳታነሣ፣ እንደገና እስኪንቀሳቀስ፣ መንገዱ ላይ ቆመች።